የኢኮኖሚክስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ በባቄላ የነገድንበት ዓመት

የመጽሔቱ አዘጋጆች «ቲቸር፣ አንድ ገጽ ብቻ» ብለውኛል። እንደማይበቃኝ ግን እነሱም ያውቃሉ።

ክበባችን ዘንድሮ በ34 አባላት ጀመረ። እስከ ሰኔ የዘለቁት 21 ናቸው። ቤተሰባቸው የለቀቀ አሉ፣ ኳሱ የበለጠባቸው አሉ። ሳንገናኝ ያለፉ ሳምንታትም ነበሩ። ምክንያቱን ሁላችንም ስለምናውቀው አልዘረዝረውም። ስንገናኝ ግን ረቡዕ ከሰዓት በ9 ሰዓት፣ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ነበር።

የዓመቱን ርዕስ የመረጡት ተማሪዎቹ ናቸው። እኔ የዋጋ ንረት እንዲሆን ፈልጌ በድምፅ ተሸነፍኩ። ያሸነፈችኝ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። እናቷ ቡሬ በርበሬ ይነግዳሉ። «የእናቴ በርበሬ ከአዲስ አበባ አልፎ ውጭ ሀገር የማይሸጠው ለምንድን ነው?» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር የሚሰማኝ ጠፋ። የሀገሮች የኢኮኖሚ ትስስር ርዕሳችን ሆነ።

እኔም እንደ ልማዴ ከአውሮፓ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1951 ስድስት ሀገሮች የድንጋይ ከሰልና የብረት ማኅበረሰብ መሠረቱ፣ በ1957 ሮም ላይ ተፈራረሙ፣ እያልኩ። ልጆቹ ማዛጋት ያዙ። አልፈርድባቸውም። በመሐል አንድ የየጁቤ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ባሶስ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። እግራችን ሥር ያለውን ትተን ሮም ምን ወሰደን? በየጁቤ አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጎጃም የገነነ ገበያ ነበር። ከዓባይ ማዶ፣ ከጉድሩና ከእናርያ በኩል የሚመጣው ነጋዴ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይዞ ይሻገራል። ሰውም ለባርነት ይሸጥ ነበር። «ይሄን እንዝለለው» ያለ ተማሪ ነበር፤ አልዘለልነውም። ከሰሜን የሚመጣው ደግሞ ጨርቅና አሞሌ ጨው ያመጣል። አሞሌው ሸቀጥም ገንዘብም ነው። ከተቆረጠበት ከአፋር በረሃ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል። ለምን? ልጆቹ «የጭነት ነዋ!» አሉ። ልክ ነው፣ ግን ጭነት ብቻ አይደለም። በየመሻገሪያውና በየበሩ ኬላ አለ። ባለኬላው ሁሉ የራሱን ድርሻ ያነሣል።

ልጁ ለገና የጁቤ ሲሄድ አያቱን ጠይቆ መጣ። አያቱ ከአባታቸው የሰሙትን ነበር የነገሩት። ነጋዴ ኬላ ሲበዛበት ወይ በሌሊት ይሄዳል፣ ወይ መንገድ ይቀይራል፣ ወይ ዋጋውን ሸማቹ ላይ ይጭናል። ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ተቀምጬ ኮንትሮባንድን እንዲህ አሳጥሮ ያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቀለለን። ነፃ የንግድ ቀጠና ማለት አባል ሀገሮች በመካከላቸው ያለውን ኬላ ሲያነሡ ነው። የጉምሩክ ኅብረት ሲሆን ለውጭ ሰው አንድ ዓይነት ኬላ ያቆማሉ። የጋራ ገበያ ደግሞ ከዕቃው ጋር ሰውና ገንዘብም እንዲያልፍ ይፈቅዳል። «እንግዲያው ኬላ ይፍረስ፣ በቃ!» አሉ። ቸኩለዋል ብዬ የካቲት ላይ ጨዋታ አዘጋጀሁላቸው።

ግማሽ ኪሎ ባቄላ ገዛሁ፤ ገንዘባችን እሱ ነው። ክፍሉ ሦስት ሀገር ሆነ። ስሙን ጮቄ፣ ጣናና ዓባይ ያሉት እነሱ ናቸው። ጮቄ እስክሪብቶ አይሠራም፣ ይገዛል። ዓባይ በ8 ባቄላ ይሸጣል፣ ጣና በ10። ጮቄ በሁለቱም ላይ 50 በመቶ ቀረጥ ትጥላለች። ስለዚህ የዓባይ እስክሪብቶ ለገዢው 12፣ የጣና 15 ሆነ። ሁሉም ከዓባይ ገዛ። ከ12ቱ ባቄላ 4ቱ የጮቄ ገንዘብ ያዥ ጣሳ ውስጥ ገባ።

በሁለተኛው ዙር ጮቄና ጣና ተፈራረሙ። በመካከላቸው ቀረጥ ቀረ። የጣና እስክሪብቶ 10 ሆነ፣ የዓባይ ያው 12። ገዢው በሙሉ ወደ ጣና ዞረ። በየእስክሪብቶው 2 ባቄላ ስላተረፉ ጭብጨባ በጭብጨባ ሆነ። የጮቄ ገንዘብ ያዥ ዝምተኛ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነው። ተነሥቶ ጣሳውን ገለበጠው። ባዶ ነው። «እናንተ 2 አተረፋችሁ፣ እኔ 4 አጣሁ። ጮቄ ከሰረች እኮ!» አለ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። በእውነት እላችኋለሁ፣ በማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሁለት ጊዜ ቢገጥመኝ ነው። ርካሹን ሻጭ ትተው ውዱን የያዙት ውዱ ወዳጅ ስለሆነ ብቻ ነው። ጃኮብ ቫይነር የተባለው ኢኮኖሚስት ይህንን እ.ኤ.አ. በ1950 ጽፎታል። ትስስር አዲስ ንግድ ሊፈጥር ይችላል፣ ያለውን ንግድ ወደ ውድ ሻጭ ሊያዞርም ይችላል። የትኛው እንደሚያመዝን ሳይሰላ አይታወቅም።

ሦስተኛው ዙር ላጲስ ነበር። ጮቄ ራሷ በ11 ትሠራለች፣ ጣና በ9። በቀረጡ ጊዜ የጣናው 13 ተኩል ስለሚሆን ሁሉም የሀገሩን ይገዛል። ቀረጡ ሲነሣ የጣናው አሸነፈ። እዚህ ላይ ጮቄ አተረፈች፤ ቫይነር ንግድ መፍጠር ያለው ይህንን ነው። ላጲስ ሠሪ የነበረችው ልጅ ግን «እኔስ ምን ልሥራ?» አለች። ደወል ተደወለ። ጥያቄው ለሌላ ጊዜ አደረ። እስካሁንም አድሯል።

የኮሜሳ፣ ማለትም የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ ነገር ከዚያ በኋላ ነው የገባቸው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2000 የኮሜሳ ነፃ የንግድ ቀጠና በ9 ሀገሮች ሲጀመር ጎረቤቶቻችን ኬንያ፣ ሱዳንና ጅቡቲ ውስጡ ነበሩ። ኢትዮጵያ የኮሜሳ አባል ብትሆንም ወደ ቀጠናው አብራ አልገባችም። በመስከረም ብነግራቸው ፈሪዎች ነን ይሉኝ ነበር። አሁን ግን ጣሳውንና ላጲስ ሠሪዋን አስታወሱ።

ሚያዝያ ላይ የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠናን ያዝን። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ኪጋሊ ላይ የተፈረመው ነው። ሀገሮች ከ90 በመቶው የዕቃ ዓይነት ላይ ቀረጥ ቀስ በቀስ ያነሣሉ። 7 በመቶው ረዘም ያለ ጊዜ ይሰጠዋል። 3 በመቶው ጭራሽ ከስምምነቱ ውጭ ይቀመጣል። ልጆቹን «3 በመቶው ውስጥ ምን ይግባ?» አልኳቸው። አንዱ ጤፍ አለ። «ጤፍ ደግሞ ማን ሊያስገባብን ነው?» ብለው ሳቁበት። የምግብ ዘይት ግን አጣላን። የኑግ ገበሬ ልጆች ዘይቱ ይከለል አሉ። ከተሜዎቹ «እኛ በውድ ዘይት ወጥ እንሥራ?» ብለው ተነሡ። ድምፅ ተሰጠ፤ ዘይት በ11 ለ10 ተከለለ። እኔ ድምፅ አልሰጠሁም። ብሰጥ ከከተሜዎቹ ጋር ነበርኩ።

ስለ መፍረስም ተነጋግረናል። ማሊ፣ ኒጀርና ቡርኪና ፋሶ ከምዕራብ አፍሪካ ሀገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ (ኢኮዋስ) የወጡት ጥር 21 ቀን፣ በእኛው የትምህርት ዓመት መሐል ነው። የቀድሞው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብም እ.ኤ.አ. በ1977 ፈርሷል። የጋራ አየር መንገዱም አብሮ ቀረ። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በንብረት ክፍፍሉ የተስማሙት በ1984 ነው። «ይሄማ የባልና ሚስት ፍቺ ነው» አለች አንዷ። እንደገና መጋባታቸውንም ነግሬያታለሁ፤ በ1999 ሌላ ውል ተፈራርመዋል።

ወደ በርበሬው ልመለስ። ግንቦት ላይ ልጅቷ ራሷ መልሱን አቀረበች። ኬላ ቢነሣ እንኳ የጥራት መስፈርት አለ። በርበሬ መሬት ላይ ሲሰጣና እርጥበት ሲነካው ሻጋታ ይይዛል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ በርበሬ ከ10 ማይክሮግራም በላይ አይፈቅድም። ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ሠራችው፦ በ1,000 ኩንታል ውስጥ 1 ግራም ማለት ነው።

ይህንኑ ለእናቷ ነግራቸው ነበር። እናትየው መጀመሪያ «ማን ቆጠረው?» አሉ። ቀጥለው «ማስጫ ሸራውንስ ማን ይገዛልኛል?» አሉ። ሁለተኛውን ጥያቄ ለሚቀጥለው ዓመት ክበብ ጽፈን አስቀምጠነዋል።

የቀረው አጭር ነው። የጁቤ ልንሄድ ያሰብነው ጉብኝት አልተሳካም። በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ሁለት ጊዜ አጫጭር ጽሑፍ አቅርበናል፤ አንዱን ማይኩ ዋጠው። ለ2018 ሰብሳቢ ሆና የተመረጠችው ላጲስ ሠሪዋ ናት።

በመዝጊያው ቀን ባቄላው ተቆልቶ ቀረበ። የጮቄ ገንዘብ ያዥ ቆጥሬ ካልተረከብኩ አይበላም ብሎ ሩብ ሰዓት አስጠበቀን። 9 ፍሬ ጎድሏል። የጣና ልጆች እስካሁን አላመኑም።