ለአእምሮ ሕመምተኞች የተጻፈው ሕግ ባለቤት ይሰጠው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በባሕር ዳር ከተማ ሽምብጥ አካባቢ የምኖር ጡረተኛ መምህርት ነኝ። ከአእምሮ ሕመም ጋር ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖረውን ታናሽ ወንድሜን፣ እናታችን ካረፈች ወዲህ የማስታምመው እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው፣ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን አዋቂ ሰዎች ይጠብቃሉ የተባሉት ሕጎቻችን ጉዳቱ በሚደርስበት ሰዓት በቦታው እንደማይገኙ በገዛ ቤቴ ስላየሁ ነው።

ወንድሜ በየወሩ መርፌ ይወጋል። በተወጋ ማግስት እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነቱ ይደነዝዛል፣ ለተባለው ሁሉ «እሺ» ይላል። ባለፈው ዓመት በእንዲህ ያለ ቀን አንድ የሩቅ ዘመዳችን ከአንድ ደላላ ጋር መጥቶ «ሻይ ቡና እንበል» ብሎ ከቤት ይዞት ወጣ። ማታ ሲመለስ በአንድ እጁ ግማሽ ኪሎ ቡና ገዝቶልኝ ነበር፤ የሌላው እጁ አውራ ጣት ግን እስከ አንጓው ድረስ ሐምራዊ ቀለም ነክቶታል። ወንድሜ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፣ በተማሪነቱ ጊዜ መምህራኑ የክፍሉን የስም ዝርዝር የሚያስጽፉት፣ ጽሕፈቱ ያማረ ሰው ነው። ያን ዕለት እስክሪብቶ መጨበጥ ስላቃተው በጣቱ አስፈረሙት። የፈረመበትም ከእናታችን በውርስ የደረሰውን የቤት ድርሻ ለማሸጥ የሚያስችል የውክልና ሰነድ ነበር። ሰነዱን የተቀበለው ሠራተኛ መታወቂያውን አይቶ ስሙን ጠየቀው እንጂ፣ የሚፈርመው ምን እንደሆነ ያውቅ እንደሆነ አልጠየቀውም።

የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008 ሰነድ የሚያረጋግጠው አካል የፈራሚውን ችሎታ እንዲያጣራ ግዴታ ጥሎበታል። የዛሬ ጠበቃ፣ የቀድሞ ተማሪዬ ከሆነ አንድ ልጅ ሕጎቹን ተውሼ ሳነብ ግን ከዚህ የከበደ ነገር አገኘሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የአእምሮ ሕመምተኛ የፈጸመውን ውል በቀላሉ ለመቃወም የሚፈቅደው፣ ሕመሙ በሰው ሁሉ ዘንድ የታወቀ እንደሆነ ነው። የታወቀ የሚባለው ደግሞ በአንቀጽ 341 መሠረት ሰውየው ሰነዱን በፈረመበት ጊዜ በሕመሙ ምክንያት በሆስፒታል ወይም በመሰል ተቋም ተኝቶ ሲገኝ፣ አለዚያም በአንቀጽ 342 መሠረት ነዋሪው ከ2,000 በማይበልጥ አካባቢ ሆኖ ቤተሰቡ በጥበቃ ሥር አድርጎ መንቀሳቀሱን ሲገድብበት ነው። ከዚህ ውጭ የሆነ ሰው በአንቀጽ 347 መሠረት በፈረመባት በዚያች ሰዓት ፈቃዱን በትክክል ለመስጠት አለመቻሉን ማስረዳት አለበት። ይህን ደጋግሜ አነበብኩት። መድኃኒቱን በወቅቱ የሚወስድ፣ ቤተሰቡ አክብሮት የሚኖር፣ ማታ ማታ በነጻነት ወደ ጣና ዳር ወርዶ ታንኳ ሲገባ የሚያይ ሕመምተኛ፣ በገጠር ተቆልፎበት ከሚውለው ሕመምተኛ ያነሰ ጥበቃ አለው ማለት ነው። አንቀጹን ያረቀቁት ሰዎች በዚያ ዘመን ሌላ የሚታይ ምልክት አጥተው ሊሆን ይችላል፤ ሐኪምና የሕክምና ካርድ ባለበት በዛሬው ጊዜ ግን ቁልፍና ሰንሰለት ማስረጃ፣ ነጻነት ደግሞ መቀጫ ሊሆኑ አይገባም።

ስለ ሰንሰለቱም በጥንቃቄ መናገር እፈልጋለሁ። ሌሊት ተነሥቶ ወደ ሐይቁ የሚሄድ ልጇን እግሩን ከአልጋው ጋር የምታስር እናት አውቃለሁ፤ የምታስረውም አልቅሳ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 585 ሰውን ከሕግ ውጭ አስሮ መያዝን ይከለክላል፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18ም ኢሰብአዊ አያያዝን ያወግዛል። ሆኖም ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች እንዲደግፍ ያዝዛል። ያቺን እናት ከመክሰስ በፊት መድኃኒቱ በአቅራቢያዋ ጤና ጣቢያ ሳይቋረጥ እንዲገኝ ማድረግ ይቀድማል።

ከሁሉ ይልቅ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን የሴቶቹ ጉዳይ ነው። በከተማችን ጎዳና ላይ ከራሷ ጋር እያወራች የምትሄድ፣ ሆዷ የገፋ ሴት ያላየ ማን አለ? እንጀራ እንሰጣታለን፣ ነጠላ እናለብሳታለን፣ «እግዚአብሔር ይርዳት» ብለን እናልፋለን። ያስረገዛት ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን የለም። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 623 የድርጊቱን ምንነት መረዳት የማይችልን ሰው አለመቻሉን እያወቁ ለግብረ ሥጋ መጠቀም፣ ኃይል ባይኖርበትም እንኳ ወንጀል መሆኑን ደንግጓል። «አልጮኸችም» ወይም «እሷው ናት የመጣችው» የሚለው ወሬ በዚህ አንቀጽ ፊት ዋጋ የለውም። አቤት የሚል ዘመድ ስለሌላት ብቻ መዝገቡ ሳይከፈት ይቀራል፤ ሕፃኑ ይወለዳል፣ እሷም ወደዚያው ጎዳና ትመለሳለች።

አቤት ባይ ለሌለው ሰው አቤት የሚል ሕጉ ራሱ አስቀምጧል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 351 ፍርድ ቤት የሕመምተኛው ጤናና ጥቅም ሲጠይቅ ሰውየውን እንደ ውል ካሉ ሕጋዊ ተግባራት በፍርድ ከልክሎ ሞግዚት ሊሾምለት ይችላል። ይህንንም በአንቀጽ 353 መሠረት ራሱ ሕመምተኛው፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዶቹ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሊጠይቁ ይችላሉ። በእነዚህ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመታት ግን ይህ መንገድ መኖሩን ለእናቴም ሆነ ለእኔ የነገረን ቀበሌ፣ ጤና ጣቢያ ወይም ዐቃቤ ሕግ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ወንድሜ በፍርድ እንዲከለከል አመልክቼ አላውቅም፤ ምክንያቱንም አንባቢ እንዲረዳልኝ እፈልጋለሁ። በአንቀጽ 358 መሠረት በፍርድ የተከለከለ ሰው አካለ መጠን እንዳላደረሰ ልጅ ይቆጠራል። አንቀጽ 351 ደግሞ ክልከላው ለወራሾች ጥቅም ሲባልም ሊወሰን እንደሚችል ይፈቅዳል፤ እንግዲህ ያ የወንድሜን አውራ ጣት በቀለም የነከረው ዘመድ ነገ ሞግዚት ልሁን ብሎ ቢመጣስ? ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ሰውየው መብቱን ይዞ እንዲኖር፣ በሚያስፈልገው ልክ እንዲደገፍ፣ ድጋፉም ለአጭር ጊዜ የተወሰነና ገለልተኛ አካል በየጊዜው የሚያየው እንዲሆን ይደነግጋል።

ይህ የወረቀት ላይ ምኞት አይደለም። ከአራት ቀን በኋላ የመርፌው ድካም ሲለቀው ወንድሜን አስቀምጬ ሰነዱን ቀስ ብዬ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝ፤ ከዚያም «የእማዬን ቤት ነው እንዴ የፈረምኩት?» አለኝ። በማግስቱ አብረን ሄደን ውክልናውን ራሱ ሻረው፤ የፈረመውም በዚያ በማውቀው ጽሕፈቱ ነው። ቤቱ ገና አልተሸጠም ነበርና ዳንን። ያ ሰው ሰኞ የማይችለውን ዓርብ ይችላል። ሁሉንም ቀን እንደ ሰኞ የሚቆጥር ሕግ ይጎዳዋል፤ ሁሉንም እንደ ዓርብ የሚቆጥር ቢሮም እንዲሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው በጀት የሚያናጋ ነገር አይደለም። ሰነድ የሚያረጋግጡ ቢሮዎች የፈራሚው ሁኔታ ባጠራጠራቸው ጊዜ አጃቢዎቹን አስወጥተው ብቻውን ያነጋግሩት፤ ምን እንደሚሸጥ፣ ለማን እንደሚሸጥና ገንዘቡ የት እንደሚገባ በራሱ ቃል ካልነገራቸው ፊርማውን ለአንድ ሳምንት ያቆዩት። ጤና ጣቢያዎች ፈቃዷን መስጠት የማትችል ነፍሰ ጡር ስትመጣ ለፖሊስ ያሳውቁ፣ ፖሊስም ከሳሽ አልመጣም ብሎ አይቀመጥ። በከተማችንም ይህን ጉዳይ በስሙ የሚረከብ አንድ ዐቃቤ ሕግ ይመደብ፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በኩል የሚሰጠው ነጻ የሕግ ድጋፍም ለእንዲህ ያሉ ቤተሰቦች በሩን እንዲያሰፋ እማጸናለሁ።

ለእርስዎም አንድ ጥያቄ አለኝ። ጋዜጣዎ የክልሉን ፍትሕ ቢሮ ይጠይቅልን፤ ባለፉት አምስት ዓመታት ዐቃቤ ሕግ በአንቀጽ 353 መሠረት ስንት አቤቱታ አቀረበ፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 623ስ ስንት ክስ መሠረተ? መልሱን በዚሁ ገጽ ያትሙልን። ቁጥሩ ዜሮ ቢሆንም ይታተም።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ መምህርት፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር