ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ወለል ስፋት

ኮምቦልቻ

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ሁላችን ደኅና ነን። ባለፈው እሑድ ደሴ አክስትሽ ዘንድ መጥቼ የሒሳብ ደብተርሽን ስገልጥ፣ ርዝመቱ 9 ሜትር፣ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሬክታንግል ስፋቱ 540 ነው ብለሽ መጻፍሽንና መምህርሽ በቀይ መሰረዙን አየሁ። መኪና እንዳያመልጠኝ ስለ ቸኮልኩ በዚያው አልተነጋገርንበትም፤ ይሁንና እንጀራዬ ወለል እየለኩ ሴራሚክ ማንጠፍ ስለሆነ ነገሩን ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

በመጀመሪያ ደረጃ «ስፋት» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። ደንበኞቼ «ርዝመቱ 5፣ ስፋቱ 3 ነው» ሲሉኝ የአጭሩን ጎን ልክ መናገራቸው ነው፤ መጽሐፍሽ ግን አጭሩን ጎን ወርድ ብሎ፣ ስፋት የሚለውን ስም ወለሉ ለሚይዘው ጠቅላላ ቦታ ያውለዋል። እኛ በሥራ ላይ ይህንኑ «ካሬ» ብለን እንገላገላለን።

ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር ከ20 የሆነ ክፍል አስቢ። እያንዳንዱ ጎኑ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሴራሚክ ባነጥፍበት፣ በመካከል የሚተወውን ቀጭን ክፍተት ለጊዜው እንርሳውና፣ በአንድ ረድፍ 10 ይገባል፤ ረድፎቹ ደግሞ 8 ናቸው። አንድ በአንድ ብትቆጥሪም 10ን በ8 ብታባዢም 80 ነው። ርዝመትን በወርድ ማባዛት ማለት ረድፍን መቁጠር እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ይህን እኔ ራሴ የተማርኩት በኪሳራ ነው። ሥራውን በጀመርኩበት ዘመን አንድ ሰው 5 በ3 እና 4 በ4 የሆኑ ሁለት ክፍሎች አሠራኝ። ዙሪያቸውን ስለካ ሁለቱም 16 ሜትር መጡልኝ። በግድግዳው ግርጌ ለሚለጠፈው ዞኮሎ ዙሪያውን ማወቅ በቂ ስለ ነበር ለወለሉም ይሆናል ብዬ፣ ጎኑ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ሴራሚክ ለመጀመሪያው በሚበቃው ልክ ለእያንዳንዳቸው 94 አስገዛሁ፤ መጠባበቂያ መያዝን እንኳ ገና አልተማርኩም ነበር። የመጀመሪያው 15 ካሬ ስለሆነ ተሟላ፤ ሁለተኛው ግን 16 ካሬ ሆኖ 100 ፈለገና ጥጉ ላይ 6 ጎደለኝ። ደሴ ድረስ ወጥቼ ያገኘኋቸው ስድስቱ ዓይነታቸው አንድ ቢሆንም የተመረቱበት ጊዜ በመለያየቱ ቀለማቸው ፈዘዝ ያለ ነበር። ባለቤቱ ያን ጥግ በአልጋ ሸፈነው።

የ5 በ3ቱ ክፍል ግን ሌላ ነገር አስተማረኝ። 5 ሜትር በ40 ሳንቲ ሜትር ሲካፈል 12 ተኩል፣ 3 ሜትር ደግሞ 7 ተኩል ይሆናል። ሙሉዎቹ 12 በ7፣ ማለትም 84 ናቸው፤ በአንዱ ጠርዝ 12፣ በሌላው 7 ግማሾች ይገባሉ፤ ሁለቱ ጠርዞች በሚገናኙበት ጥግ ደግሞ አንዲት ሩብ ትቀመጣለች፣ ግማሽ በግማሽ ሲባዛ ሩብ ነውና። ሁሉንም ስትደምሪ 93 ከሦስት ሩብ ታገኛለሽ፤ 12.5ን በ7.5 ብታባዢም ያው ነው። ማባዛቱ ቁርጥራጩን ሁሉ ሳይስት መቁጠሩ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

አሁን ወደ 540 እንመለስ። ሜትርን ከሳንቲ ሜትር ጋር ሳታስማሚ ስላባዛሽ ውጤቱ ካሬ ሜትርም ካሬ ሳንቲ ሜትርም ሳይሆን ቀረ። 9 ሜትሩን 900 ሳንቲ ሜትር ብትይው 54,000 ካሬ ሳንቲ ሜትር፣ 60 ሳንቲ ሜትሩን 0.6 ሜትር ብትይው 5.4 ካሬ ሜትር ይመጣል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። 1 ካሬ ሜትር በውስጡ 100 ረድፍ፣ በየረድፉም 100 ስላለው 10,000 ካሬ ሳንቲ ሜትር መሆኑን አትርሺ፤ እዚህ ላይ ትልልቅ ሰዎችም 100 ይላሉ።

የአክስትሽን ሳሎን ላነጥፍላት ቃል ስለ ገባሁ ልኩን አንቺ ላኪልኝ። ቤቱ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ተዳፋቱን ተከትሎ የተሠራ አሮጌ ቤት ስለሆነ ማዕዘኖቹን አላምናቸውም። ስለዚህ አራቱንም ጎኖች ለኪ፤ ከዚያም ከጥግ እስከ ትይዩው ጥግ ያለውን በሁለቱም በኩል ለኪ። ፊት ለፊት ያሉት ጎኖች እኩል ሆነው እነዚህ ሁለቱም እኩል ከሆኑ ሬክታንግል ነውና ርዝመቱን በወርዱ አባዢ፤ ካልሆኑ ግን ሳታባዢ ቁጥሮቹን ብቻ ጻፊልኝ። የሜትሩን ጫፍ የአክስትሽ ልጅ ይያዝልሽ፤ ብቻሽን ስትለኪ ይረግባል።

አባትሽ