የሥርዓተ ፆታ ክበብ የዘንድሮ ውሎ

የክፍል አለቆች ስም ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ የክበባችን ልጆች ቆመው አንብበውት ተሳሳቁ። አለቃ ወንድ፣ ምክትል ሴት፣ ጸሐፊ ሴት። ቀጥሎ ያለውም ክፍል ያው ነው። ማንም አላስገደደም፣ በእጅ ማውጣት ነው የተመረጡት፤ ግን የዓመቱን ወሬ የሰጠን እሱ ዝርዝር ነው።

መጀመሪያ ክርክር አዘጋጀን፦ «ሴት መሾሟ ብቻ ይበቃል ወይ?» ሁሉም የሚያነሳው 2011 ዓ.ም.ን ነው። ጥቅምት ላይ ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሆኑ፣ ሣህለወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር ሆኑ፣ ብዙም ሳይቆይ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ ብርቱካን ሚደቅሳ ደግሞ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ። አንዷ የ11ኛ ክፍል ልጅ ተነስታ «ርዕሰ ብሔርነቱ የክብር ነው፣ ዋናው ሥልጣን ያለው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋ ነው፣ እዚያ ወንበር ላይ ሴት ተቀምጣ ታውቃለች?» ስትል አዳራሹ ቀለጠ። ተከራካሪዋ ግን አልደነገጠችም። «እሺ፣ ፍርድ ቤቱና ምርጫ ቦርዱስ የክብር ናቸው?» ዳኞቹ ለመጀመሪያዋ ፈረዱ። እኔን ብትጠይቁኝ ሁለተኛዋ ነበር የምታሸንፈው፣ ግን ማን ጠየቀኝ።

ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ነገር የእንግዳዋ ቀን ነው። እዚህ ሐዋሳ በስፌት የሚተዳደሩ ሴቶች ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ እና የአንዷ ተማሪያችን አክስት መጣች፤ በልብስ ፋብሪካ ከስፌት ማሽን ተነስታ ሱፐርቫይዘር የሆነች ናት። ልጆቹ ስለ ጀግንነት ይጠብቁ ነበር፣ እሷ ስለ ባጃጅ አወራች። ሱፐርቫይዘር ከሠራተኛው ኋላ ቀርቶ ሪፖርት ሞልቶ ነው የሚወጣው፣ ያን ጊዜ የፋብሪካው ሰርቪስ ሄዷል፣ መሽቷል፣ የሚቀረው ባጃጅ ነው። «ከእኔ የተሻሉ ልጆች እድገቱን እምቢ ያሉት በዚህ ነው» አለች። አንድ ልጅ «ታዲያ ሰርቪሱ ለምን አይጠብቅም?» ሲላት ሳቀችና «ይህን የሚወስኑት ማታ በመኪናቸው ነው የሚገቡት» አለችው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው በረከተ፣ ደወሉን የሰማ አልነበረም።

ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ቃለ ጉባኤ ወንዶቹ እንዲይዙ ተወሰነ። የመጀመሪያው ሰውዬ አጀንዳውን ረስቶ የተሰብሳቢውን ስም ብቻ ጽፎ መጣ፣ አሁን ግን ደህና ይጽፋል። ወደ ከተማው ምክር ቤት ልንሄድ ያሰብነው ጉብኝት በፈተና ምክንያት ቀርቷል፣ ድምፅ ማጉያውም ገና አልተጠገነም። ለአዲሶቹ አባላት፦ ስብሰባው እንደተለመደው ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ነው፣ ወንዶችም ኑ።