ብቻውን አይከፋውም ወይ ላልሽኝ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በርበሬ አስፈጭታለች፤ ሰው ሲገኝ እንልክልሻለን።

ስለ ዓሣው የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። ቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ ለማሳደግ ኦስካር የሚባለውን አንድ ትልቅ ዓሣ ልግዛ ወይስ ብዙ ትንንሾች ነው ያልሽኝ። እናትሽ «ጣና ደጃፍ አድጋ ዓሣ በብር ልትገዛ!» ብላ ሳቀች።

ግን እሷም አምባዛችንን አልረሳችውም። አንቺ ያኔ ሦስት ዓመት ቢሆንሽ ነው። ከአንድ ዓሣ አስጋሪ ስንዝር የማይሞላ አምባዛ ተቀብዬ፣ ሰባት የቀረሶ ጫጩቶች ካሉበት የመስታወት ገንዳ ጨመርኩት። ቀረሶዎቹ በየሌሊቱ ይጎድሉ ጀመር። ሁለት ቀን ሙሉ የጎረቤት ድመት አማን። በሦስተኛው ቀን አንድ ቀረሶ ብቻ ቀረ፤ አምባዛው ደግሞ ሆዱ ተነፍቷል።

ከዚያ ወዲያ ብቻውን አደገ። የምግቡን ቆርቆሮ ሳንኳኳ ይመጣል። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም ብቅ ብሎ አየር ይስባል፤ አምባዛ እንደዚያ ነው የተፈጠረው። አንድ ሌሊትማ ከገንዳው ወጥቶ እስከ ወጥ ቤት ተሳበ። እናትሽ እባብ መስሏት የጮኸችው ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ክንድ ሲያህል ወስጄ ወደ ጣና መለስኩት።

ኦስካር የቀረሶ ዘመድ ነው፣ አገሩ ግን ደቡብ አሜሪካ ነው። ሱቅ ስታዪው ጣት ያህላል። ሲያድግ 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ከ10 ዓመት በላይም ይኖራል። ለእሱ 300 ሊትር ገደማ ያስፈልግሻል። ርዝመቱ 120፣ ወርዱና ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ማለት ነው። ውሃው ብቻ ሦስት ኩንታል! ያቺ የሳሎንሽ ጠረጴዛ ሦስት ኩንታል ጤፍ ትችላለች?

ደግሞ ብዙ የሚበላ ብዙ ያቆሽሻል። ከቆሻሻው አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ ዓሣ ይገድላል። ማጣሪያው ውስጥ የሚራቡት ባክቴሪያዎች ናቸው ጉዳቱን የሚያበርዱት። እነሱ እስኪበረክቱ አንድ ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ዓሣ የሚያረባ ጓደኛ ካለሽ ከአሮጌ ማጣሪያው ቁራጭ ስፖንጅ ለምኚው፤ እንደ እርሾ ያገለግልሻል። ከዚያ በየሳምንቱ የውሃውን ሩብ መቀየር ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፣ እንደቀዳሽ እንዳትጨምሪው። አዲስ አበባ ብርድ ስለሆነ ማሞቂያም ግዢ፤ 25 ዲግሪ ገደማ ይስማማቸዋል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ብቻውን አይከፋውም ወይ?» ብለሻል። ኦስካር አይከፋውም። ባለቤቱን ይለያል፣ ስትገቢ መስታወቱ ጋ ይመጣል፣ ይበቃዋል። ከትንንሾቹ ኒዮን ቴትራ የሚባለው ግን ብቻውን ከሆነ ይፈራል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ጥግ ይይዛል። ቢያንስ ስድስት፣ ቢቻል አሥር ይሁኑ። ሁለቱን እንዳታቀላቅዪ ብቻ፤ የቀረሶዎቹን ነገር ነግሬሻለሁ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቤ ለኦስካር ያደላል። አምባዛዬን ያስታውሰኛል። ለአንቺ ግን ትንንሾቹን እመርጣለሁ። ጎህ ሳይቀድ ወጥተሽ ማታ የምትገቢ ልጅ ነሽ። ነገ ሥራ ቢያዛውርሽ፣ ትዳርም ቢመጣ (ዝም ብዬ ነው ያነሳሁት)፣ ሦስት ኩንታል ውሃ ይዘሽ የት ትደርሻለሽ? ሰለቸኝ ብለሽ ደግሞ ጣና እለቀዋለሁ እንዳትዪ። አምባዛው ወደ አገሩ ነው የገባው፣ ኦስካር ግን እንግዳ ነው። እንግዳስ እምቦጭ ይበቃናል።

ያ ጥያቄሽ ስለ ዓሣው ብቻ ከሆነ መልሱ ይኸው። ካልሆነ ቅዳሜ ማታ ደውዪልኝ። ስልኩን ከጎኔ አላርቀውም።

አባትሽ
ከባሕር ዳር