ለልጄ፦ ስለ ጃን ዋንግ ድንጋዮችና ስለ ሳልሽ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የእናትሽም ጉልበት ተሽሎታል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ የአክስትሽ ልጅ የነገረችን ነገር እንቅልፍ ስለ ነሳኝ ነው። ሌሊቱን በትምህርት ቤታችሁ ወርክሾፕ ስቴይንለስ ስትበይጂና ስትወለውዪ እንደምታነጊ፣ አፍና አፍንጫሽን በሻርፕ ብቻ እንደምትሸፍኚ፣ ስታወራሽም ሳል እያቋረጠሽ እንደሆነ ነግራናለች። እኔ ስጠይቅሽ ግን «የቤጂንግ ብርድ ነው» አልሽኝ። አባትሽ ዕድሜውን በብየዳ ቤት የፈጀ፣ የብርድን ሳል ከብረት ሳል ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነው። ያለ ማስክ ግራይንደር አታስነሺ።

የላክሽልኝን የቻይናዊውን ቀራጺ የጃን ዋንግን ሥራዎች፣ ከስቴይንለስ የሠራቸውን ድንጋዮች፣ ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። መጀመሪያ ላይ የሆቴል በር ማስጌጫ መስለውኝ ገፋ አድርጌያቸው ነበር፤ አሠራሩን ከጻፍሽልኝ በኋላ ግን መነጽሬን አድርጌ ተመለስሁባቸው። ላሜራውን በእውነተኛ ድንጋይ ላይ እያስደገፉ፣ እያንዳንዱን ስንጥቅና እጥፋት እስኪይዝ ድረስ በመዶሻ መቀጥቀጥ፣ ቁርጥራጩን ከድንጋዩ አላቅቆ እርስ በርስ መበየድ፣ ከዚያም ስፌቱ ጨርሶ እስኪጠፋና መስታወት እስኪመስል መወልወል ቀላል ሥራ አይደለም። ስቴይንለስ እንደ መዳብ ለመዶሻ አይታዘዝም፤ በተመታ ቁጥር ይጠነክራል፤ ሲበየድም በሙቀቱ ይጣመማል። ሰዉ ፊቱን ሊያይበት ይቆማል፤ እኔ ግን ብየዳው የት ላይ እንዳለ ስፈልግ አመሸሁ፤ አላገኘሁትም።

የሐሳቡ ምንጭ ደግሞ ከአሠራሩ ይበልጥ አስገርሞኛል። የቻይና ሊቃውንት ውኃ የቦረቦራቸውን የታይ ሐይቅ ድንጋዮች በአትክልት ስፍራቸውና በጽሕፈት ጠረጴዛቸው ላይ አቁመው ለብዙ መቶ ዓመታት ሲመሰጡባቸው ኖረዋል፤ ቅጥነታቸውን፣ ሽብሽባቸውንና ቀዳዳቸውን እየመረመሩ ደረጃ ያወጡላቸው ነበር። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የኖረው ባለሥልጣንና የቁም ጸሐፊ ሚ ፉ፣ ከአንድ ግሩም ድንጋይ ፊት እጅ ነሥቶ «ታላቅ ወንድሜ» ብሎ እንደ ጠራው ይተረካል። ይህን ለእናትሽ ባነብላት አማተበች።

ጃን ዋንግ እ.ኤ.አ. በ1962 ቤጂንግ ተወልዶ፣ በማዕከላዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ቅርጻ ቅርጽ ተምሮ በ1988 የተመረቀ ነው። በ1990ዎቹ የከተማይቱ አሮጌ ሰፈሮች ሲናዱ፣ የመስታወት ሕንፃዎችም በቦታቸው ሲተከሉ አይቷል። ባለ ሕንፃዎቹ ከበራቸው ላይ ያቆሟቸው የነበሩት ድንጋዮች ከአዲሱ ከተማ ጋር አልገጥም ስላሉት ከ1995 ጀምሮ ድንጋዩን ወደ ብረት ገለበጠው፤ ስለዚህ አሮጌው ቅርጽ በዙሪያው ያለውን አዲስ ከተማ እያጣመመ መልሶ ያሳያል። እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምወድለት ከዚያ በፊት በ1994 ዋንግፉጂንግ በተባለው የቤጂንግ የገበያ ጎዳና ላይ የሠራውን ነው፦ በከፊል ከፈረሰ ሕንፃ ገብቶ ፍርስራሹን አጠበ፣ አጸዳ፣ ቀለም ቀባ፤ ከዚያም አፍራሾቹ መጥተው የቀረውን ናዱት። የማይሸጥ፣ የማይቀመጥ ሥራ ነው። ሬሳ አጥቦ መገነዝ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እ.ኤ.አ. በ2000 ባሕር ላይ የለቀቀውም አለ። ከጠረፍ 12 ኖቲካል ማይል (22 ኪሎ ሜትር ያህል) አልፎ፣ የማንም አገር ግዛት ካልሆነ ውኃ ላይ፣ ውስጡ ባዶ ስለሆነ የሚንሳፈፍ አንድ የብረት ድንጋይ ጣለ፤ ያገኘው ሰው ወደ ባሕር እንዲመልሰው የሚለምን ጽሑፍም ተቀርጾበታል። ተመልካች ስለ ነጻነት ያስብ ይሆናል፤ እኔ ያሰብሁት ስለ በያጁ ነው፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ብትቀር ኖሮ ያ ድንጋይ ይሰጥም ነበርና።

በያጅ ካልሁ አጎትሽን ሳላነሳ አላልፍም። አንቺ የምታስታውሺው ታሞ ከአልጋ ከዋለ በኋላ ነው፤ ጉልበቱ ሳለ ግን በሙያው የሚወዳደረው አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ሲሠራ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ከወንዙ ማዶ እንዲታይ እያለ የጫፉን መስቀል ራሱ ካልወለወለው እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። አፉ ላይ የሚያስረው እርጥብ ጨርቅ ማታ ሲፈታ ጥላሸት ይመስል ነበር፤ እኛም የጎበዝ ምልክት አድርገን እንስቅበት ነበር። በኋላ ተጋድሞ መተኛት አቃተው፤ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ያነጋ ነበር። ሐኪሞቹ ምክንያቱ ጭሱ ነው ብለው ቁርጡን አልነገሩንም፤ ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝ ግን በዚያ ሁሉ ዘመን አሠሪዎቻችን ስለ ጭሱ አንዲት ቃል አለመተንፈሳቸው ነው። አንቺ ግን ተነግሮሻል። በየሱቁ የሚሸጠው የተለመደው ስቴይንለስ 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየም፣ 8 በመቶ ገደማ ደግሞ ኒኬል ነው፤ ሲበየድ ሁለቱም ከጭሱ ጋር ይወጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳን ጭስ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል። ሻርፕ ይህን አያግደውም። ያለ ማስክ ግራይንደር አታስነሺ፤ ብየዳም አትጀምሪ።

በአክስትሽ ልጅ በኩል ገንዘብ ልኬልሻለሁ፤ ለምግብም ለቤት ኪራይም እንዳትነኪው። ማጣሪያው የሚቀየር፣ አፍና አፍንጫን ገጥሞ የሚይዝ ማስክና የዓይን መነጽር ግዢበት። ጭስ መሳቢያው ካልሠራ ሥራውን ለነገ አሳድሪው። ሹሩባሽን ሰብስበሽ እሰሪ፤ መወልወያው ሲሽከረከር ጓንት አታድርጊ፤ ጓንቱን ከያዘ እጅሽንም ይዞ ይሄዳልና። የሥራ ልብስሽን ከመኝታ ልብስሽ ጋር አትጠቢ። ከሁሉ በፊት ግን በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂጂና ሳንባሽን ታዪ፤ የምትሠሪበትን ብረት ስም ሳትደብቂ ንገሪው።

አንቺም እንደ ጃን ዋንግ የብረት ድንጋይ ለመሥራት መጀመርሽን ጽፈሽልኛል። መዶሻው የእጅ ነውና ይለመዳል፤ እርሱ ግን ድንጋዩን ያገኘው የተወለደበት ከተማ ሲፈርስ እያየ ነው፤ የአንቺ ድንጋይ የትኛው እንደሆነ ገና አልነገርሽኝም። በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ጻፊልኝ። ሥራው ከመወልወሉ በፊትም፣ ብየዳው ገና እንደ ጠባሳ ፈጥጦ ሳለ፣ ከውስጥ በኩል ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ የሚነገርሽ እርማት ካለ የምነግርሽ ያን ጊዜ ነው። ከጎኑ ቆመሽ ተነሺ፤ ማስኩም ፊትሽ ላይ ይሁን።

አባትሽ