ሎሚ የነካው የምኒልክ ብር

ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ገንዘብ ስለምንመልስበትና ስለማንመልስበት ሁኔታ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ሰሞኑን "ገንዘቤ ይመለስልኝ" የሚል መልእክት በዝቶብናል። ገሚሱ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሳንውል ሳናድር መልሰናል። ገሚሱ ግን ምን ብለን እንደምንመልስለት እስኪጠፋን ድረስ ግራ ያጋባል። ስለዚህ ከእኛ የድሮ ሳንቲምና የወረቀት ብር ስትገዙ ምኑ እንደሚመለስ፣ ምኑ እንደማይመለስ፣ ለምን እንደሆነም ጭምር በግልጽ ልንጽፍላችሁ ወሰንን።

የማያከራክረውን አስቀድመን እንጨርስ። የላክንላችሁ ዕቃ ፎርጅድ ከሆነ ገንዘባችሁ ይመለሳል። ለዚህ የጊዜ ገደብ የለንም፤ ከዓመት በኋላ ቢታወቅም ያው ነው። ያላዘዛችሁት ዕቃ ከመጣ፣ በፎቶውና በጽሑፉ ያልተገለጸ ቀዳዳ ወይም ብየዳ ካለበት፣ ወይም ፖስታው መንገድ ላይ ከጠፋ፣ የመላኪያውንም ጨምረን እንከፍላለን። ዕቃው ትክክል ሆኖ ልባችሁ ካልወደደው ደግሞ በደረሳችሁ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከማሸጊያው ሳይወጣ መልሱት፤ እንቀበላለን። የመመለሻው ፖስታ ብቻ የእናንተ ነው።

አብዛኛው ክርክር የሚነሳው በማርያ ትሬዛ ብር ነው። በብዛት የምንሸጠውም እሷኑ ነው። "1780 ተብሎ ተጽፎባታል፤ ፊቷ ግን አዲስ ነው። አታለላችሁኝ" የሚል ደብዳቤ አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። ምስላቸው በብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ትሬዛ የሞቱት በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ በስማቸው የተመታው ብር ያንኑ ዓመት እንደያዘ ቀጠለ። ቪየና እስከ ዛሬ ትመታዋለች። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. የመምቻውን ማኅተም ከኦስትሪያ አግኝቶ ሮም ላይ አስመታ። እንግሊዞችም አልተኙም፤ ለንደን ላይ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ቦምቤይ ላይ መቱ። ፓሪስና ብራስልስም መትተዋል። አያቶቻችን በእንስራ ያስቀመጡት፣ ለጥሎሽ የሰጡት፣ በአንገት ያሰሩት ከዚህ ሁሉ የተቀላቀለ ነው። ከ1780 በኋላ የተመታች ስለሆነች ብቻ ፎርጅድ አትባልም። እኛም ስንሸጥ "ከ1780 በኋላ የተመታ" ብለን እንጽፋለን። የተመታችበትን ከተማ በእርግጠኝነት ካወቅን ከተማውንም እንጠቅሳለን፤ ዋጋውም እንደዚያው ይለያያል።

ፎርጅዱ የሚታወቀው በሌላ ነው። ትክክለኛዋ 28 ግራም ከትንሽ ትመዝናለች። ከሺው እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ማግኔት አይስባትም። ጠርዟን የላቲን ጽሑፍ ዞሯታል። የእናንተዋ 24 ግራም ብቻ ከመዘነች፣ ወይም ጠርዟ ልሙጥ ከሆነ፣ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን። አንከራከራችሁም።

አሁን ወደ ሎሚው እንምጣ። አንድ ደንበኛችን በ1889 ዓ.ም. የተመታ የምኒልክ ብር ገዙ። ከእጃችን ሲወጣ ግራጫ ነበር። በአንበሳው ጋማና በፊደሎቹ ሥር ደግሞ ጥቁረቱ ጠለቅ ብሎ ተኝቷል። ሰብሳቢ ተጨማሪ ብር የሚከፍለው ለዚህ መልክ ነው። መቶ ምናምን ዓመት የሠራውን ቀለም ማንም በአንድ ቀን አያመጣውም። ጥቂት ቀን ቆይቶ ብሩ ተመልሶ መጣ። እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል። የንጉሡ ጉንጭ ላይ በጨርቅ የታሸበት ጭረት በአንድ አቅጣጫ ተሰልፎ ይታያል። በጋማው ውስጥ የነበረው ጥቁረት ታጥቦ ሄዷል። አብሮት የመጣው ማስታወሻ "በሎሚና በጨው አጽድቼ እንኳ ነው የመለስኩላችሁ" ይላል።

በቅን ልብ ያደረጉት ነው፤ አንጠራጠርም። የእናቶቻችን ጌጥም የሚጸዳው እንደዚያው ነው። ለሳንቲም ግን ሎሚ መርዝ ነው። ኤንጂሲና ፒሲጂኤስን የመሳሰሉት፣ የሳንቲምን ይዞታ መርምረው ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች የታጠበ ሳንቲም ሲደርሳቸው የተሟላ ደረጃ አይሰጡትም፤ "የታጠበ" ብለው ጽፈውበት ነው የሚያሽጉት። ያ ጽሑፍ ካለበት ዋጋው ያሽቆለቁላል። ስለዚህ በሎሚ የታጠበ፣ በጥርስ ሳሙና የተፈተገ፣ በአመድ የተወለወለ ዕቃ አንቀበልም። የወረቀት ብርም ያው ነው። እጥፋቱ እንዲጠፋ በካውያ ከተተኮሰ በኋላ "አሮጌ ነው" ብላችሁ አትላኩልን። ደረጃ ተሰጥቶት በፕላስቲክ የታሸገውንም ከከፈታችሁት ደረጃው አብሮ ይሰረዛል። እባካችሁ በፕላስቲኩ ውስጥ እንዳለ ተመልከቱት።

ለመናገር የሚከብደን ሌላም ነገር አለ። አንድ ዕቃ ልከን ሌላ ዕቃ ይመለስልናል። ሳንልክ በፊት የእያንዳንዱን ሳንቲም ፊቱን፣ ጀርባውንና ጠርዙን ፎቶ የምናነሳው፣ ክብደቱንም በወርቅ ሚዛን መዝነን የምንመዘግበው ለዚህ ነው። የወረቀት ብር ተከታታይ ቁጥር ስላለው አያከራክርም። ሳንቲም ቁጥር ባይኖረውም የሁለት አሮጌ ሳንቲሞች ጭረት በፍጹም አንድ ዓይነት አይሆንም። ባለፈው የጃንሆይን የ1936 ዓ.ም. 50 ሳንቲም ልከን፣ በብር ቀለም የተለቀለቀ ክብ 25 ሳንቲም ተመልሶልናል። ብልሃቱ አዲስ ቢሆን ኖሮ እናደንቅ ነበር። በዚያው ዘመን ሰዎች ክቡን 25 ሳንቲም በብር እየለቀለቁ እንደ 50 ያሳልፉት ስለነበር ከገበያ ተሰብስቦ ጠርዙ ወጣ ገባ እንዲል ሆኖ በድጋሚ ተሠርቷል። ይህን የሚያውቅ ሻጭ ሚዛን ላይ ሳያወጣው አይቀበልም።

አንዳንዱ ጥያቄ ደግሞ የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ነው። "1897 ብላችሁ ጽፋችሁ 1889 ላካችሁልኝ" ያሉን አሉ። ሳንቲሙ ላይ ያለው ፲፰፻፹፱ በእኛው አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጁ 1896 እና 97 ላይ ያርፋል። በተለይ እዚህ አሜሪካ ተወልደው ላደጉ ልጆቻችን ይህ ግልጽ እንዳልሆነ ይገባናል። ስለዚህ ከእንግዲህ ሁለቱንም ዓመት ጎን ለጎን እንጽፋለን። "የተሳሳተ ዕቃ ነው" ብሎ ማስመለስ ግን አይቻልም።

የአንገት ጌጥ ለምትገዙም አንድ ቃል። ሐሙስ ዕለት የደረሰ የማርያ ትሬዛ ድሪ ሰኞ "ልቤ አልወደደውም" ተብሎ ይመለሳል። እኛ ደግሞ ቅዳሜ ሙሽሪት አንገት ላይ አምሮባት በፌስቡክ አይተነዋል። እንኳን ደስ ያላችሁ! ግን ክሩ ላልቷል፣ ሽቶና የፊት ዱቄት በቀለበቶቹ ሥር ገብቷል። ይህ የተለበሰ ዕቃ ስለሆነ አንቀበለውም። ለሰርግና ለመልስ ብቻ ከፈለጋችሁት ቀድማችሁ ንገሩን፤ በኪራይ እንሰጣለን። ከመግዛትም ይረክሳል።

በዋጋ የተነሳ ማስመለስ የለም። በ2011 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ መጨረሻ አንድ አውንስ ብር 50 ዶላር ሊደርስ ትንሽ ቀርቶት በቀናት ውስጥ ወደ 35 ወርዷል። የብር ገበያ ጠባዩ እንደዚህ ነው። ዋጋ ሲወርድ "መልሱልኝ" የሚል ይበዛል፤ ሲወጣ ግን ትርፉን የላከልን እስካሁን የለም። "አጎቴ መርካቶ በግማሽ ዋጋ ይገኛል አለኝ" ለምትሉን ደግሞ፣ ሊገኝ ይችላል። ነገር ግን ቅርስ ያለ ፈቃድ ከኢትዮጵያ ይዞ መውጣት በሕግ የተከለከለ ነው። ቦሌ ላይ ፈቃድህ የት አለ ሲባል አጎት አብሮ አይቆምም። እኛ የምንሸጠው ድሮ ወጥቶ እዚህና አውሮፓ በሰብሳቢዎች እጅ የቆየውን ነው። በ2013 ዓ.ም. የተቀየረውን አሮጌ መቶ ብር ከእኛ ገዝታችሁ ባንክ አልቀበልም አለኝ የምትሉንም ጥቂት አላችሁ። ባንክ አይቀበለውም። የመቀየሪያው ጊዜ ካለፈ ቆየ።

ከሁሉ የሚያናድደን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይህኛው ነው፦ "ዕቃውን ላስቀረው፤ ግማሹን ገንዘብ መልሱልኝ። አለዚያ አንድ ኮከብ እሰጣችኋለሁ።" በኢንተርኔት በምንሸጥበት ገበያ በኢቤይ ላይ ሻጭ ለገዢ መጥፎ አስተያየት እንዳይጽፍ የተከለከለው ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ ዱላው በአንድ ወገን እጅ ብቻ ነው ያለው። ሆኖም ኢቤይ ራሱ በአስተያየት ማስፈራራትን ይከለክላል፤ እኛም መልእክቱን እንዳለ ለኢቤይ እናስተላልፋለን። መልሳችን ምንጊዜም አንድ ነው። በ14 ቀኑ ውስጥ ዕቃውን መልሱ፣ ሙሉ ገንዘባችሁን ውሰዱ። በማስፈራራት የሚከፈል ግማሽ የለም። ለአንዱ ስለጮኸ ብቻ ከከፈልን፣ ወጪው ዞሮ ዞሮ ዝም ብሎ በገዛው ሰው ዋጋ ላይ ነው የሚጨመረው።

ስለ 14 ቀኑም "ለምን ወር አይሆንም?" ትሉናላችሁ። ከምንሸጠው ውስጥ ብዙው የእኛ አይደለም፤ የአደራ ዕቃ ነው። አባቶችና እናቶች ለዓመታት ያስቀመጡትን አምነው ይሰጡናል። ሲሸጥ ድርሻችንን ቀንሰን ቀሪውን እንሰጣቸዋለን። የምንሰጣቸውም 14ኛው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። በሁለተኛው ወር ዕቃው ቢመለስ፣ ለአንዲት ሽማግሌ እናት ደውለን "የሰጠንዎትን መልሱልን" ልንል ነው? አንልም።

በእርግጥ ኢቤይ ላይ ዕቃው እንደተገለጸው ካልሆነ ከደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ፣ በፔይፓል ደግሞ ከከፈላችሁ በ180 ቀን ውስጥ አቤቱታ ማቅረብ ትችላላችሁ። መብታችሁ ነው። የምንለምናችሁ ቀድማችሁ እንድትጽፉልን ብቻ ነው። አቤቱታ ሲከፈት ገንዘቡ ታግዶ፣ እኛ ፎቶና የፖስታ ማስረጃ ስንልክ፣ እነሱ ሲመረምሩ ሳምንታት ያልፋሉ። ለእኛ ከጻፋችሁ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ታገኛላችሁ። ዕቃውን ይዞ "አልደረሰኝም" ላለን ሰው ግን ሁለተኛ አንሸጥም። ከ750 ዶላር ጀምሮ የሚያወጣውን ሁሉ አስፈርመን የምናስረክበውም ለዚህ ነው።

በደረጃው ካልተስማማን፣ ማለትም እኛ "ጥሩ ይዞታ" ያልነውን እናንተ "ተራ ነው" ካላችሁ፣ ዕቃውን ለገለልተኛ ደረጃ ሰጪ እንልካለን። ሳንቲም ከሆነ ለኤንጂሲ፣ ወረቀት ከሆነ ለፒኤምጂ። እኛ ከተሳሳትን የምርመራውንም የፖስታውንም እኛ እንከፍላለን፤ ገንዘባችሁም ይመለሳል። እናንተ ከተሳሳታችሁ የምርመራው ክፍያ የእናንተ ነው። ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ዋጋው ከፍ ላለ ዕቃ ብቻ ነው የምንመክረው።

ማስመለስ ስትፈልጉ የትዕዛዝ ቁጥራችሁን፣ የዕቃውን የፊት፣ የጀርባና የጠርዝ ፎቶ፣ ሚዛን ካላችሁ ክብደቱንም በኢሜይል ላኩልን። በቀን ብርሃን አንሱት፤ ፍላሽ አትጠቀሙ። እኛ "ላኩት" ሳንላችሁ በፊት አትላኩት፤ ያለ ቁጥር የመጣ ፖስታ የማን እንደሆነ ለማወቅ እንቸገራለን። ስትልኩትም መድን ግቡለት፤ እጃችን እስኪገባ ድረስ ኃላፊነቱ የላኪው ነው።

ይህ ከኅዳር 1 ጀምሮ ለሚገዛ ዕቃ ነው የሚሠራው። ከዚያ በፊት ለገዛችሁት የቀድሞው ደንብ እንዳለ ይቆያል።

ከሰላምታ ጋር፣
የሱቁ ባልደረቦች