ሽጉጡስ የት ይቀመጣል?

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ሱቅና ሬስቶራንት ያላቸው ወገኖቻችን ሽጉጥ ይዞ የመንቀሳቀስ ፈቃድ እያወጡ መሆኑን የጻፋችሁትን አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ሰው ለምን እንደሚታጠቅ፣ ፈቃዱ ስንት እንደሚያስወጣ፣ የትኛው ሽጉጥ ተፈላጊ እንደሆነ ሁሉም አለ። አንድ ነገር ግን አመለጣችሁ። ሰውዬው ፈቃዱን አውጥቶ፣ ሽጉጡን ገዝቶ፣ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ የት ነው የሚይዘው? ወገቡ ላይ? ኪሱ ውስጥ? ቦርሳው ውስጥ? ወይስ መኪናው ውስጥ?

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ለፈቃድ የሚያስፈልገውን ሥልጠና ከሚሰጡት አንዱ ነኝ። እ.ኤ.አ. እስከ 2022 እዚህ ስቴት ፈቃድ ለማግኘት አሳማኝ ምክንያት ማቅረብ ግድ ስለነበር ተራው ሰው አያገኘውም ነበር። በዚያ ዓመት ጁን 23 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኒውዮርክን ተመሳሳይ ሕግ ሻረ። የሜሪላንዱም መስፈርት ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሐበሻው በብዛት ይመጣል። ሕጉ ለጀማሪ 16 ሰዓት ሥልጠና ያዛል። አብዛኛው ሰዓት በሕጉና በተኩሱ ያልቃል። የሚጠይቁኝም ሁሌ አንድ ነገር ነው፤ ከሽጉጥ ዓይነቶች ግሎክ ይሻላል ወይስ ሲግ? ለሽጉጡ ሳይሳሳ የሚከፍል ሰው ስለ አፎቱ፣ እዚህ ሆልስተር ስለምንለው፣ ሳነሳበት ፊቱ ይቀየራል። “ምን ያደርግልኛል? ወገቤ ላይ ሻጥ አደርገዋለሁ” ይላል።

አገር ቤት እንደዚያ ነው የሚያዘው። ልማዱ አብሮን መጥቷል። ግን ፕላክሲኮ በረስን የምታስታውሱ ካላችሁ፣ በፌብሩዋሪ 2008 ለአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ ለኒውዮርክ ጃያንትስ የሱፐር ቦውሉን፣ የዋንጫውን ጨዋታ፣ የማሸነፊያ ኳስ የያዘው ተጫዋች ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ማንሃተን አንድ ናይት ክለብ ገባ። ግሎኩን ያለ አፎት በስፖርት ሱሪው ወገብ ሻጥ አድርጎታል። ሽጉጡ ተንሸራቶ በሱሪው ውስጥ ወደ እግሩ ወረደ፤ ባረቀበት። የገዛ ጭኑን መታው። የፍሎሪዳ ፈቃዱ ጊዜው አልፎ ነበር፤ ባያልፍም ኒውዮርክ ላይ አይሠራም። ሁለት ዓመት ተፈረደበትና 20 ወር ገደማ ታሰረ። ሚሊዮኖች የሚከፈለው ሰው አንድ አፎት ባለመግዛቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ የሚሸጡት ብዙዎቹ ሽጉጦች በአውራ ጣት የሚገፋ መቆለፊያ የላቸውም። የግሎክን ብንወስድ መቆለፊያው ምላጩ ላይ፣ ለመተኮስ በጣት የሚሳበው ላይ ነው። ምላጩ ሲሳብ እሱም አብሮ ይከፈታል። ለመሳብ የሚፈልገው ጉልበት ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። የሳበው ጣት ይሁን፣ የቤት ቁልፍ ይሁን፣ የጃኬት ገመድ ይሁን ሽጉጡ አይለይም። እንግዲህ ዋናው መቆለፊያ አፎቱ ነው ማለት ነው። ምላጩን ዙሪያውን የሚሸፍን፣ ደረቅ ያለ፣ ለዚያው ሽጉጥ በልኩ የተሠራ፣ ቀበቶ ላይ ጥብቅ የሚል መሆን አለበት። ካይዴክስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ጥሩ ነው። ደህና ቆዳም ይሆናል፤ ሲያረጅ ግን ይለሰልስና አፉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ሽጉጡን ስትመልሱ ያ የታጠፈ ቆዳ ምላጩን ሊስብ ይችላል። “ለሁሉም ሽጉጥ ይሆናል” ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውን የጨርቅ አፎት ባታዩት ይሻላል። ቀበቶውም እንዲሁ ሽጉጡን ችሎ የሚቆም ይሁን፤ ለክት ልብስ የምትታጠቁት ቀጭን ቀበቶ አይችለውም።

ወጣቶቹ አሁን የሚወዱት ከሆድ ፊት፣ ከእምብርት ትንሽ ወደ ቀኝ ሱሪ ውስጥ መያዝ ነው። ምክንያት አላቸው። ቶሎ ይመዘዛል፤ ከሸሚዝ ሥር አይታይም፤ ሰው ከኋላ መጥቶ ሊነጥቃቸው አይችልም። መኪና ውስጥ ተቀምጠውም እጃቸው ይደርሳል። ችግሩ አፈሙዙ የሚያየው ቦታ ነው። ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም። ከእሱ ሌላ በጭን ውስጥ የሚወርደው ትልቁ የደም ሥር እዚያው ነው፤ እሱ ከተመታ አምቡላንስ ሳይደርስ ሰው ሊያልቅ ይችላል። በብዛት ደግሞ የሚባርቀው ሽጉጡ ሲመዘዝ ሳይሆን ወደ አፎቱ ሲመለስ ነው። የሸሚዝ ጫፍ ይገባል፣ ጣት ምላጩ ላይ ይረሳል፣ አለቀ። ለዚህ መድኃኒቱ መዘግየት ነው። ልብሱን በአንድ እጅ ገለጥ አድርጎ፣ በዓይን እያዩ፣ ቀስ ብሎ መመለስ። ወይም አፎቱን ከቀበቶ ፈትቶ፣ ሽጉጡን ከሰውነት ርቆ ከከተቱት በኋላ ሁለቱን አንድ ላይ ማሠር። ሽጉጥ በጥድፊያ ወደ አፎቱ እንድትመልሱ የሚያስገድድ ምንም ነገር የለም። ቦርጭ ላለን ሰዎች ደግሞ ይሄ አያያዝ ስንቀመጥ ይወጋል። ጉዳዩ ቀላል ይመስላል፤ ግን የሚወጋ ነገር ከሁለት ሳምንት በኋላ ከወገብ ወርዶ የመኪና መሳቢያ ውስጥ ይገባል።

ለጀማሪ የምመክረው በቀኝ ዳሌ ላይ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ያለውን ነው። ቀርፈፍ ይላል። ስትጎነበሱ በልብስ ላይ ቅርጹ ይታያል። መኪና ውስጥ የደኅንነት ቀበቶው ይጋርደዋል። ቢሆንም ስህተቱ ብዙ ጊዜ ይቅር የሚባል ነው፤ አፈሙዙ ወደ መሬት ያያል። ሌላም አለ፣ አሜሪካውያን ባልደረቦቼ የማይስማሙበት። ጥይት ያልጎረሰ፣ ማለትም ጥይት የያዘ ግን ገና ያልተቀባበለ ሽጉጥ መያዝ፤ በእስራኤል የሚታወቅ ልማድ ነው። እነሱ “በጭንቅ ሰዓት ለማቀባበል ሁለት እጅ ይፈልጋል” ይላሉ፤ እውነት ነው። ግን በዓመት አንዴ የሚለማመድ ባለ ሱቅ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ብልቱ ላይ አድርጎ ሳጥን ሲያነሳ ከሚውል፣ ያን አንድ ሴኮንድ ቢያጣ እመርጣለሁ።

ከወገብ በስተጀርባ፣ አከርካሪ ላይ የሚይዙት ፊልም ያዩ ናቸው። በበረዶ ላይ አንዴ ተንሸራትታችሁ በጀርባችሁ ብትወድቁ ብረቱ አጥንታችሁን ነው የሚያገኘው። ቁርጭምጭሚት ላይ የታሠረውን ለማውጣት መንበርከክ ያስፈልጋል። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለውስ? አፈሙዙ ከኋላችሁ የተሰለፈውን ሰው ሲያይ ይውላል። በሠርግ ላይ እስክስታ ለመውረድ ለምንነሳ ሰዎች ደግሞ በጭራሽ አይሆንም።

ቀልዴን አይደለም። በጁን 2018 ዴንቨር ውስጥ ከሥራ ውጭ የነበረ የኤፍቢአይ ባልደረባ መጠጥ ቤት ውስጥ እየጨፈረ ወደ ኋላ ተገለበጠ። ሽጉጡ ከወገቡ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ሲያነሳው ተኮሰ፤ አንድ ሰው እግሩን ተመታ። ልብ በሉ፤ ሲወድቅ አልተኮሰም፣ ሲነሳ ነው የተኮሰው። ሽጉጥ ከእጃችሁ ካመለጠ ለመቅለብ አትሞክሩ፤ ይውደቅ። ስታነሱትም ጣታችሁ ከምላጩ ይራቅ። ለመጨፈር የሚሄድ ሰው ከመነሻውም ቤቱ ቆልፎበት ቢሄድ ይመረጣል። ቨርጂኒያ ውስጥ ሽጉጥ ደብቆ አልኮል በሚሸጥ ሬስቶራንት ገብቶ መጠጣት ወንጀል ነው፤ ክትፎውን መብላት ትችላላችሁ፣ ጠጁን ግን አይሆንም።

ወደ ቦርሳው ልምጣ፤ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። እህቶቻችን ምክንያት አላቸው። የሐበሻ ቀሚስ ቀበቶ የለውም፤ የሴቶች ሱሪም ብዙ ጊዜ ሽጉጥ አይችልም። ስለዚህ ቦርሳ ይቀላል። ግን ቦርሳ ከሰውነት ይለያል። ቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ወንበር ላይ ይንጠለጠላል፣ ሌባ መጀመሪያ የሚነጥቀው እሱን ነው። ልጅም ከረሜላ የሚፈልገው እዚያ ውስጥ ነው። በዲሴምበር 30 ቀን 2014 አይዳሆ ውስጥ ሄይደን በምትባል ከተማ አንዲት እናት ዎልማርት ገብታ ዕቃ ስትገዛ፣ የሁለት ዓመት ልጇ ከቦርሳዋ ሽጉጡን አገኘው። ሞተች። ቦርሳው ለሽጉጥ ተብሎ የተሠራ፣ የራሱ ዚፕ ያለው፣ ባሏ ለገና የሰጣት ስጦታ ነበር። ፈቃድ ነበራት፤ መተኮስም ታውቅበት ነበር። ስለዚህ ትናንሽ ልጆች ያሏችሁ እህቶች፣ ሆድ ላይ የሚጠመጠም፣ ምላጩን በደረቅ ፕላስቲክ የሚሸፍን መታጠቂያ አለ፤ እሱን ሞክሩ። ካልተመቻችሁ ሽጉጡ ቤት ካዝና ውስጥ ይዋል። ሜሪላንድ ልጅ ሊያገኘው የሚችል ባለ ጥይት መሣሪያን የሚመለከተውን ሕግ በ2023 ከ16 ዓመት በታች ወደ 18 ዓመት በታች ከፍ አድርጋለች።

ቦርሳ ሌላም ጣጣ አለው፤ ይረሳል። በ2023 በአሜሪካ ኤርፖርቶች ፍተሻ 6,737 መሣሪያዎች ተይዘዋል። ከመቶ 93ቱ ጥይት ነበረባቸው። በብዛት አንደኛው አትላንታ ነበር፤ ብዙ ሐበሻ ወደ አዲስ አበባ የሚበርበት ኤርፖርት። ቅጣቱ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊሆን ይችላል፣ መታሰሩ ሳይቆጠር። ሳይታይ አልፎ ቦሌ ቢደርስማ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ይጠብቃችኋል። ሽጉጥ የሚይዝ ቦርሳና የጉዞ ቦርሳ በፍጹም አንድ መሆን የለባቸውም።

ኪስ? ትንሽ ሽጉጥ ከሆነ፣ የኪስ አፎት ካለው፣ በዚያ ኪስ ቁልፍና ሳንቲም ካልገባ ይሆናል። ተቀምጦ ማውጣት ግን ይከብዳል።

መኪና የሚነዱ ወንድሞቼ እንዳይቀየሙኝ። ኡበር ከ2015 ጀምሮ ሹፌርም ተሳፋሪም መሣሪያ እንዳይይዝ ከልክሏል። ሊፍትም እንዲሁ። ፈቃድ ቢኖራችሁም ከሥራ ትባረራላችሁ። መሳቢያ ውስጥ የተተወ ሽጉጥ ደግሞ ለሌባ የተዘጋጀ ነው፤ መስኮት መስበር ብቻ ነው የሚፈልገው። ቨርጂኒያን ከዲሲ የሚለየውን የፖቶማክን ወንዝ አትርሱ። የቨርጂኒያ ፈቃድ ዋሽንግተን ዲሲ ላይም ሜሪላንድ ላይም አይሠራም። ከአርሊንግተን ተነስታችሁ የ14ኛውን ስትሪት ድልድይ ስትሻገሩ፣ ቅድም ሕጋዊ የነበረው ሽጉጥ በዲሲ ሕግ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ይሆናል። የእኛ ሹፌር ይህን ድልድይ በቀን ስንት ጊዜ ይሻገራል? ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሽጉጥ መግዛት ይችላል፤ ነገር ግን በኢሚግሬሽን ሕግ የመሣሪያ ወንጀል ራሱን ችሎ ከአገር ሊያስባርር የሚችል ምክንያት ነው። (ጫት የሚቅሙም ልብ ይበሉ። ሽጉጥ ሲገዛ የሚሞላው ቅጽ 4473 የተከለከለ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ በትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ደግሞ በፌዴራሉ የዕፅ ዝርዝር ከቀዳሚዎቹ ጋር ነው። “ቅጠል ነው እኮ” አያዋጣም።)

አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር ልጨምር፤ ሽንት ቤት። ሱሪ ሲወርድ ሽጉጡን የት ታደርጋላችሁ? መንጠቆ ላይ ወይም የሽንት ቤት ወረቀቱ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ረስቶት ይወጣል። በ2015 በዋሽንግተን ካፒቶል ውስጥ የምክር ቤት መሪዎችን የሚጠብቁ ፖሊሶች ሽጉጣቸውን ሽንት ቤት ረስተው ተገኝተዋል፤ አንዱን ያገኘው ለጉብኝት ከወላጆቹ ጋር የመጣ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ሙሉ ቀን ከሽጉጥ ጋር የሚውሉ ሰዎች ናቸው እነዚህ። ሽጉጡን ከአፎቱ አታውጡት፤ አፎቱም ከሱሪው አይለይ፤ ከነሱሪው ይውረድ፣ ከነሱሪው ይነሳ።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የሜሪላንድ፣ የቨርጂኒያና የዲሲን ሕግ፣ ፈቃዱ የት እንደሚሠራና የት እንደማይሠራ፣ በአማርኛ አንድ ገጽ ላይ አውጡልን። ጠበቃ ይየው፤ ሕጉ በየዓመቱ ስለሚቀያየር ቀኑም ይጻፍበት። ለተማሪዎቼ የማድለው እንግሊዝኛውን ነው፤ አንዳንዶቹ አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከትተውት ሲሄዱ አያለሁ። አማርኛው ቢኖር በየሱቁና በየእንጀራ ቤቱ እለጥፈው ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ